በረኛችንን በእንሰት ማስቀረት

እግር ኳስ ተጫዋች ከክለቡ ለምን እንደሚለቅ የማያውቅ ሰው ሶዶ ውስጥ ካለ አስተዋውቁኝ፤ ምሳ እጋብዘዋለሁ። እኛ ስለ ራሳችን ጉልበት ሕመም ሐኪም እንጠይቃለን፤ ስለ ተጫዋች ጉልበት ግን ሐኪሙን ቁጭ አድርገን እናስተምራለን። በተለይ ሰኔ ገብቶ ሊጉ ሲዘጋ፣ ጉሙም ከዳሞታ ተራራ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ሲንጎራደድ፣ የማርቆስ ፀጉር ቤት መቀመጫ አይገኝበትም።

ማርቆስ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ስታዲየም ውስጥ ደግሞ ጭብጨባ አስጀማሪያችን። ሁለቱን ሥራ ባይቀላቅል ጥሩ ነበር። ክርክር ሲጦፍ ማሽኑን ወደ ላይ አንስቶ ነው የሚናገረው። ስለዚህ በዝውውር ወራት ከእርሱ ቤት የሚወጣ ሰው ግማሽ ጭንቅላቱ ተስተካክሎ ግማሹ በይደር የቀረ ነው። መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ካያችሁ እብድ እንዳይመስላችሁ፤ ደጋፊ ነው።

«ደመወዝ ነው» ይላል ማርቆስ። «አሰልጣኝ ነው» ይላል ወንበሩ ላይ ያለው፣ አንገቱን ማዞር ስላልተፈቀደለት ለመስታወቱ። «ሚስት ናት» ይላል ተራ የሚጠብቀው፤ የማን ሚስት እንደሆነች አያብራራም። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ አንድ መምህርም አለ፤ «ፋክተሩ ብዙ ነው» ብሎ ጋዜጣውን ይገልጣል። እርሱን እንደ ትልቅ ሰው የምናከብረው አንዱንም ፋክተር ጠርቶ ስለማያውቅ ነው።

እኔም የራሴ ንድፈ ሐሳብ ነበረኝ። ተጫዋች የሚሄደው ጓሮ ስለሌለው ነው። አልጋ፣ ቴሌቪዥንና ሁለት ሻንጣ ይዞ ኪራይ ቤት የተቀመጠ ሰው አንድ እግሩ መናኸሪያ ነው። የሚበላ ነገር ከተከለ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ማስረጃዬ ራሴ ነኝ። መዝገብ ቤት ስቀጠር «ለጊዜው» ብዬ ነበር። ጓሮዬ አቮካዶ ተከልኩ። አቮካዶው ጣሪያ አልፎ ጎረቤት መመገብ ሲጀምር እኔ ያው ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ። ወንበሩ ቅርጼን ከመያዙ የተነሣ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ወደ ጎን ያንሸራትተዋል።

ይህን ንድፈ ሐሳብ የሞከርኩት በሰዒድ ላይ ነው። ሰዒድ የክለባችን ሁለተኛ በረኛ ሲሆን ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሲናገር ሰው የተኛ ይመስል ቀስ ብሎ ነው፤ ማንም ሰው ምንም ነገር ቢያማርር መልሱ «አብሽር» ነው፤ አይዞህ ማለቱ ነው። ሰፈሩ እንዴት እንደወደደው አልነግራችሁም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ሰዒድ ካለ መሰላል አያስፈልግም። የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲደርስ እኛ በሬ እንጥላለን፤ ለእርሱ ግን ሙስሊሙ ጎረቤታችን ቢላውን ስሎ ይመጣና ለብቻ በግ ይታረዳል። እርሱም ዳጣውን በሥጋው ላይ ቆልሎ፣ እንባው እየወረደ፣ «አብሽሩ፣ አያቃጥልም» እያለን ይበላል።

ከመጣ በስድስተኛው ወር ከገበያ አንዲት የእንሰት ችግኝ ገዝቼ መስኮቱ ሥር አስተከልኩት። እንሰት ለመበላት አምስትና ስድስት ዓመት እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ስለ እንሰት የማውቀው ያንኑ ብቻ መሆኑን ግን ያኔ አላወቅሁም። አባቴ ሶዶ መሃል ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔ ከእንሰት ጋር የተዋወቅሁት ሳህን ላይ ነው። ወላይታ ሆኖ እንሰት የማያውቅ ሰው መኖሩን ለባዕድ እንዳታወሩብኝ።

ሰዒድ ችግኟን እንደ ልጅ ያዛት። በየማለዳው በስንዝር ይለካታል። «ጋሼ፣ አራት ስንዝር ናት» ይለኛል። በወሩ «አራት ስንዝር ናት» ይለኛል። በዓመቱ እኔ ራሴ መጠየቅ አፈርኩ።

እንግዲህ በዚህ ሰኔ አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ጓንቶቹን በሙሉ አጥቦ ገመድ ላይ ሰቅሏቸዋል። ስድስት ጥንድ ነው። ነፋሱ ሲያወዛውዛቸው አሥራ ሁለት እጅ ቻው የሚለኝ መሰለኝ።

«ምነው ሁሉንም አንድ ላይ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ልነግርዎት ነበር። የፈለገኝ ክለብ አለ። ወደ ሰሜን ነው፤ ከእኛ ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። እስከ ዓርብ ቁረጥ ብለውኛል።»

«ደመወዙ ይበልጣል?»

«ያንሳል።»

«ከተማው ይበልጣል?»

«ያንሳል።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚበልጠው?»

ጓንቶቹን አገላበጠ። «አብሽሩ ጋሼ፣ ገና አልወሰንኩም» አለኝ።

ሥራዬን ትቼ ወደ ማርቆስ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል እኔ በምሮጥበት መንገድ ነው፤ ሁለት ጊዜ አርፌያለሁ። ማርቆስ ወሬውን ሲሰማ ማሽኑን አነሣ፤ ከሥሩ የነበረው ደንበኛ እስከ ረቡዕ ድረስ እንደዚያው ነበር። የሁሉም ሐሳብ አንድ ሆነ፤ ሰዒድ መሄድ የለበትም። ማስቀረት ያለብኝም እኔ ነኝ፤ ግቢው የእኔ ነውና።

«የጓሮ ንድፈ ሐሳብህ ይኸው መጣልህ» አለኝ ማርቆስ። «እንሰቷ ካደገችለት ይቀራል። ካላደገች ግን አቮካዶህን ሁሉ ነው የምንቆርጠው።»

እንሰት በአራት ቀን ማሳደግ ነበረብኝ።

ማክሰኞ አንድ ባጃጅ ተኮናትሬ ሦስት ጆንያ የከብት ፍግ ጫንኩ። ነጂው አፍንጫውን በአንገት ልብሱ ሸፍኖ «ከፊት ከእኔ ጋር አትቀመጥም፤ ከኋላ አብራችሁ ሁኑ» አለኝ። በከተማው መሃል ጆንያ አቅፌ አለፍኩ፤ የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ አይቶኝ ሰላምታ ሊሰጠኝ እጁን አነሣና ሐሳቡን ቀየረ። ሦስቱንም ጆንያ በዚያች አራት ስንዝር ላይ ገለበጥኩት። ከጎረቤታችን ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ የጸሎት ቡድን ይሰበሰባል። በዚያን ዕለት መስኮቱን ዘግተው ጀመሩ፤ ጸሎቱም ባጭሩ ተጠናቀቀ። ሲወጡ አንዷ እህት «ጌታ ያስብህ» አለችኝ፤ ከልቧ ነበር።

ረቡዕ እንሰቷ ያው ናት። እንዲያውም ፍጉ ስለቀበራት አንድ ስንዝር አጠረች። ያኔ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። በአረካ መንገድ ዳር ሰው የሚያህል እንሰት አይቻለሁ። ሰዒድ ሩጫ ሲወጣ አንዱን ገዝቼ ብተካውስ? ለሚስቴ ለታደለች ነገርኳት።

«ልጁ የተቀጠረው እኮ የሚመጣውን ነገር አተኩሮ እንዲያይ ነው» አለችኝ። «አራት ስንዝር ትተህ ሄደህ ቤት ስትመለስ ጣሪያ የነካ እንሰት ብታገኝ አንተስ ዝም ትላለህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እናቴን ጥራ።»

አማቴ የጉኑኖ ገበሬ ናቸው። እንሰት በተመለከተ የሚሉትን ሰው ቆሞ ነው የሚሰማው። ሐሙስ ጠዋት ከሚኒባስ ወርደው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ቀጥታ ወደ መስኮቱ ሥር ሄዱ። አማርኛቸው ከገበያ ዋጋ ስለማያልፍ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ሰዒድ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጎናችን ቆመ፤ ልጁን ሐኪም ቤት ያመጣ አባት ይመስል ነበር።

አማቴ ፍጉን በእግራቸው ገፋ አድርገው ግንዷን በሁለት ጣት ጨበጧት። ሳቁ። ከዚያ በወላይትኛ ጀመሩ።

«ይቺን እዚህ የተዋት ማን ነው? ይህ እኮ የሕፃንነት ቦታዋ ነው። አምና ተነቅላ፣ ሥሯ ተከርክሞ፣ ሰፊ ቦታ መሄድ ነበረባት። ከዚያም አድጋ አንድ ጊዜ እንደገና። አንድ ቦታ ስትተዋት አትሞትም፤ ቅጠሏም አረንጓዴ ነው፤ የሚያያት ሁሉ ደህና ናት ይላል። ቆፍረህ ስታወጣት ግን የሚበላ ነገር የላትም።»

ሰዒድ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አሉ፣ ጋሼ?»

አንድ ሰው በሕይወቱ ውስጥ እውነትን የሚፈልግባቸው ቀናት አሉ። ያ ሐሙስ ለእኔ ከእነዚያ አልነበረም።

«ትዕግሥት ትፈልጋለች ይላሉ» አልኩት።

«ብዙ ነገር ተናገሩ እኮ።»

«ወላይትኛ ረጅም ነው።»

አማቴ «ነገርከው?» አሉኝ። ነገርኩት አልኳቸው። «እንግዲህ የት ሊወስዳት አሰበ? ሥሯን ሲከረክም ፈራ ተባ እንዳይል ንገረው፤ የሚሳሳላት ሰው ነው የሚያቀጭጫት።»

«ምን አሉ?»

«ቅጠሏ ያምራል፤ አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ ትወዳለች ይላሉ።»

ታደለች የውኃ ጆግ ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ ይህንኑ ሰማች። ቆመች። ወላይትኛውንም አማርኛውንም የሰማች ሰው ናት። ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሚስቴ በእጇ ያለውን ነገር መሬት ላይ ስታስቀምጥ እኔ መውጫ በር ነው የምፈልገው።

ሰዒድ ጎንበስ ብሎ የእንሰቷን ቅጠል ዳሰሰ። ከዚያ በዚያች ቀሰስ ባለች ድምፁ «ጋሼ፣ እስቲ ይጠይቁልኝ፤ ሲነቅሏት አትጎዳም?» አለ።

ልተረጉም አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ስለ መንቀል እኔ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

«መንቀል ያለህ ማን ነው?»

አንገቱን ደፋ። ያፈረው እርሱ ነበር፤ በእኔ ፈንታ። «ሁለት ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግራና ቀኜ የነበሩት የዚሁ አገር ልጆች ናቸው» አለ። «ኳሱን ካልነካን ምን እንሠራለን? ቋንቋ አስተማሩኝ።»

ታደለች ሳቋ አመለጣት። እኔ በዚያች ሰዓት ያን ሁሉ ፍግ ራሴ ላይ ብገለብጠው ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ማምለጫ ስላልነበረኝ ጥያቄውን እንዳለ ለአማቴ አቀረብኩ።

«ትደነግጣለች» አሉ እርሳቸው። «ያሏት ቅጠሎች ይደርቃሉ። የሞተች መስሎህ ታዝናለህ። አትነካካት። ከመሃሏ አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ብቅ ሲል ያኔ ይዛለች ማለት ነው።»

«ካልያዘችስ?» ይህን ሰዒድ ራሱ ነው በወላይትኛ የጠየቃቸው፤ እየተሰባበረ፣ ግን በደንብ በሚሰማ ወላይትኛ።

«የማትይዝም አለች» አሉት። አማቴ ሰውን ለማስደሰት ብለው ስለ እንሰት አይዋሹም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጁ ይናገር የለም እንዴ፤ አንተን እዚህ ምን አስቆመህ?» አሉኝ።

ሰዒድ «ጋላታይስ» ብሎ አመስግኗቸው ጎንበስ ሲል ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ወደ ክፍሉ ከገባ በኋላ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ኳስ ተጫዋች ነው፣ በረኛ ነው አልኳቸው።

«ሲጫወት እንዴት ነው? ጎበዝ ነው?»

አሰብኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሜዳችን ላይ የተደረገ ጨዋታ አላመለጠኝም። የመጀመሪያው በረኛችን ጉንፋን እንኳ የማይደፍረው ሰው ነው። ሰዒድ ውኃ ሲያቀብል አይቻለሁ። የመለማመጃ ሰደሪያውን እንዴት አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ እንደሚያስቀምጥ ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ። ዝናብ ሲመጣ ለአሰልጣኙ ጃንጥላ የሚዘረጋውም እርሱ ነው።

«አላየሁትም» አልኳቸው።

«ደጋፊው አይደለህም?»

«ነኝ።»

 አማቴ ዶማ አምጣ አሉኝና ፍጉን ሲያነሡ ዋሉ፤ እኔም ጆንያ ያዥ ሆንኩላቸው። ጆንያ ይዤ የማስበው ብዙ ነገር ነበረኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ስለ ተቀመጥኩበት ወንበር አሰብኩ። ዳውሮ ወዳለ መሥሪያ ቤት ለመዛወር በየጊዜው ሞልቼ ስለማላስገባው ቅጽም አሰብኩ። ቅጠሌ አረንጓዴ ነው፤ የሚያየኝ ሁሉ ደህና ነህ ይለኛል። ከእንሰቷ የምለየው እኔ ሳልነቀልም መወፈሬ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሰዒድ በሬን አንኳኳ። ስልኩን በእጁ ይዟል።

«ሳልደውል ለእርስዎ ልንገር ብዬ ነው» አለ። «እዚህ ምንም አልጎደለብኝም፤ እንዲያ እንዳይመስልዎት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው ጋሼ። እናቴ ጨዋታ ባለ ቁጥር ትደውል ነበር፤ ‹ዛሬ ገባህ?› ትለኝ ነበር። ‹አይ፣ በሚቀጥለው› እላታለሁ። በሚቀጥለውም ትደውላለች። አሁን ግን መጠየቅ ትታለች። አሁን የምትጠይቀኝ እንሰቷ እንዴት ናት ብላ ነው።»

እኔ ቀልድ የማያጣኝ ሰው ነኝ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሁለት ሦስት ይዤ ነው የምሄደው። በዚያች ሰዓት ግን ኪሴ ባዶ ነበር። «ደውል» አልኩት። ፊቴ ቆሞ ደወለ። «እሺ፣ እመጣለሁ» ከማለት በቀር የተናገረው የለም። እሑድ በመጀመሪያው መኪና ይሄዳል።

ወሬውን ይዤ ማርቆስ ዘንድ ስገባ ቤቱ ሙሉ ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ውሸቴን ሳይቀር። ማርቆስ ማሽኑን አጠፋው። ማሽኑ ጠፍቶ ያየሁት መብራት ሲሄድ ብቻ ነው።

«አማትህን ባታመጣ ኖሮ ይቀር ነበር» አለኝ።

«ይቀር ነበር» አልኩት። «ውኃ እያቀበለ።»

 መምህሩ ጋዜጣውን አጠፈ። ማርቆስ ወንበሩን አዞረና «እዚህ ካለነው ውስጥ ይህን ልጅ በረኛ ሆኖ ያየው አለ?» ሲል ጠየቀ። ሰው ሁሉ ጫማውን አየ። የእኔ ጫማ ላይ ገና ፍግ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ጨዋታ ያዘጋጀነው ለዚህ ነው፤ ፀጉር ቤት ከባጃጅ ነጂዎች። ሰዒድ የእኛን ጎል እንዲጠብቅ ለመንነው። «አብሽሩ፣ እጠብቃለሁ» አለ። እኔን ሩጫ ይቀንሳል ተብሎ ቀኝ ተከላካይ አደረጉኝ። ሜዳው ጭቃ ነው፤ ካፊያው አላቆመም፤ አጥሩ ዙሪያ ጎረቤቱ፣ የጸሎት ቡድኑ፣ ታደለችና አማቴ በጃንጥላ ሥር ቆመዋል።

ፊሽካው ተነፋና ነጂዎቹ ኳሷን ይዘው መጡ። መኪና እንደሚቀድሙት ነው የሚጫወቱት፤ ባገኙት ቀዳዳ ይገባሉ። ከኋላዬ የሆነ ነገር አገሳ። የሜዳው አጥር ተደርምሶ መሰለኝ።

«ማርቆስ፣ ምን ቆመህ ታያለህ፤ ሂድበት።»

ዞር ስል ሰዒድ ነው። ያ ቀስ ብሎ የሚናገር ልጅ እጆቹን ዘርግቶ፣ ቁመቱ በእጥፍ ጨምሮ፣ ዓይኑ ውስጥ ምንም ወዳጅነት ሳይኖር ቆሟል። «ውጡ። ውጡ አልኳችሁ። አንተ ቦርጫም፣ ቀኝህን ዝጋ።»

ቦርጫሙ ማን እንደሆነ ለማየት ዙሪያዬን አየሁ። ሌላ ቦርጫም አልነበረም። እኔ ይህን ስመረምር ነጂው በቀኜ አለፈና መታ። ኳሷ ወደ ላይኛው ጥግ ስትሄድ አየሁ፤ ገባች ብዬ ዓይኔን ልመልስ ስል ሰዒድ ከመሬት ተነሣ። እንዴት እንደተነሣ ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ ማጋነን የምወድ ሰው እዚህ ላይ የምጨምረው አጣሁ። በጣቶቹ ጫፍ ገፍቶ ከብረቱ በላይ አሳለፋትና ጭቃው ላይ በደረቱ ወደቀ። አጥሩ ዙሪያ የነበረው ሰው አልጮኸም። ለመጮህ ትንፋሽ ያስፈልጋል።

ሰዒድ ተነሣ። ጭቃውን ከፊቱ ጠረገና እኔን አየኝ፤ ያለኝ ነገር ትዝ አለው። የዱሮው ልጅ በፊቱ ላይ ተመለሰ፤ ትከሻው ወረደ፤ ወደ እኔ ሁለት እርምጃ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አፌ ነው...»

ነጂው ኳሷን ጥጉ ላይ እያስተካከለ ነበር።

«ኋላ» አልኩት። «ኮርነር ነው። ወደ ጎልህ ተመለስ።»

ለቅጽበት አየኝ። ከዚያ ዞሮ ሮጠ፤ መስመሩ ላይ ሲደርስም ድምፁ መልሶ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። «አንተ ቦርጫም፣ ሰው ያዝ።»

ሄጄ ሰውዬዬን ያዝኩ።